ካሎሪን ከድስቱ መቁጠር፦ ክብደቱን ቀስ ብሎ ለመቀነስ ለሚነሳ የሰሜን ሸዋ ሰው

ክብደት ለመቀነስ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያባርረው እንጀራን ነው። እንጀራ ይቀርና ሰላጣና ሾርባ ብቻ ይበላል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ረኃቡ ያይልና እንጀራው ከነወጡ ተመልሶ ይገባል፤ የወረደው ኪሎም አብሮት ይመለሳል። ካሎሪ መቁጠር ከዚህ የሚለየው ምንም ምግብ ስለማይከለክል ነው። የትኛው ምግብ ምን ያህል እንደሚያስገባ ያሳያል፣ የቱን ቀንሰው የቱን እንደሚያቆዩ የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት። በብዙ ቤት ተቆጥሮ ሲታይ ትርፉ የሚገኘው ቁሌት ላይ በሚፈሰው ዘይት፣ ቡና ላይ በሚታፈሰው ቆሎ፣ በሻይ ስኳርና በመጠጥ ውስጥ ነው። እነዚህን የሚበላቸው ሰው እንደ ምግብ አይቆጥራቸውም።

ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠውን ኃይል የምንለካበት ነው። በእሽግ ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውና በተለምዶ ካሎሪ የምንለው አንድ ነው። በኪሎ ጁል ብቻ ከተጻፈ ለ4.2 ያካፍሉት። 1 ግራም ፕሮቲን 4፣ 1 ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4፣ 1 ግራም ስብ 9፣ 1 ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው። የስብን 9 ልብ ይበሉ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ማን አይጀምር

እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ሳይፈልግ እየከሳ ያለ ሰው፣ ራሱን በረኃብ የሚቀጣ ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው በራሱ ጊዜ ካሎሪ መቁረጥ የለበትም። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር እንዲስተካከል አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ክብደቱ እየወረደ ሲሄድ መጠኑ መታየት ይኖርበታል።

ከዚያ በፊት ደግሞ መቀነስ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይዩ። ክብደትዎን በኪሎ ይውሰዱና በሜትር ለተለካው ቁመትዎ ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። ውጤቱ ከ18.5 እስከ 25 ከሆነ ክብደትዎ ጤናማ ከሚባለው ውስጥ ነው። 78 ኪሎ የሆነች፣ 1.62 ሜትር የምትረዝም ሴት 29.7 ይወጣላታል። ወደ 25 ለመድረስ 65 ኪሎ ተኩል አካባቢ መሆን አለባት፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ግቧ 4 ወይም 5 ኪሎ ቢሆን ይሻላል። ያም ብቻ ለደም ግፊትና ለስኳር ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣል።

የቀኑን መጠን ማውጣት

ሰውነት ተኝቶ እንኳ የሚያቃጥለውን ለመገመት በሰፊው የሚሠራበት በ1990 የታተመው የሚፍሊን ሴንት ጆር ስሌት ነው። ክብደትን በኪሎ በ10 ያባዙ፤ ቁመትን በሴንቲ ሜትር በ6.25 ያባዙና ይደምሩበት፤ ዕድሜን በ5 አባዝተው ይቀንሱ። በመጨረሻ ወንድ ከሆኑ 5 ይደምሩ፣ ሴት ከሆኑ 161 ይቀንሱ።

ከላይ ያነሳናት ሴት 38 ዓመቷ ይሁን። 780 ሲደመር 1,012.5፣ ሲቀነስ 190፣ ሲቀነስ 161፤ በግምት 1,440 ካሎሪ። ይህ ምንም ሳትንቀሳቀስ የምታቃጥለው ነው። ቀጥሎ በውሎ ይባዛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል በ1.2፣ ቢሮ ውሎ በቀን ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት የሚራመድ በ1.375፣ ቆሞና እየተመላለሰ የሚሠራ በ1.55፣ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ያለ ገበሬ ወይም ሸክም የሚሸከም በ1.725። የእኛ ሴት ደብረ ብርሃን ቢሮ ትሠራለች፣ በእግሯ ትመላለሳለች። 1,440 በ1.375 ሲባዛ 1,980 ነው። ይህን ያህል ብትበላ ክብደቷ ባለበት ይቆማል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ውሎውን ከፍ አድርጎ በመገመት ነው። ከተጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይያዙ። ብርዱንም አይደምሩበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ብትሆንም፣ ጋቢ ደርቦ ቤት የተቀመጠ ሰው በብርዱ ምክንያት የሚያቃጥለው ጭማሪ ለስሌት የሚበቃ አይደለም። ብርዱ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሻይና ትኩስ ነገር ያስፈልጋል፣ ውኃ ይረሳል።

ከ1,980 ላይ ከ300 እስከ 500 ይቀንሱ። 400 ብትቀንስ የቀኗ መጠን 1,580 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ አካባቢ ስለሚይዝ፣ በቀን 400 ማጉደል በወር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ያወርዳል። ይህ ለብዙዎች ያንሳል። ነገር ግን በወር 6 ኪሎ የሚያወርድ አመጋገብ ከስቡ ጋር ጡንቻን ይበላል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ የሐሞት ጠጠር ያመጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ዓመት የሚቀጥልበት ሰው አይገኝም። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች አይውረዱ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ መጻፍ ብቻ

መጠኑን አወጡ ማለት በነጋታው መቁረጥ ይጀመራል ማለት አይደለም። ለ7 ቀን እንደወትሮው ይብሉና የገባውን ሁሉ ይጻፉ፤ እንጀራ፣ ወጥ፣ የሻይ ስኳር፣ ልጅ ያስተረፈውን ቁራሽ፣ ወጥ ሲሠሩ የቀመሱትን። ስሌቱ ለእርስዎ ሰውነት በመቶዎች ሊሳሳት ይችላል፤ የሳምንቱ ጽሑፍ ግን የሚያርሙበት መነሻ ይሰጣል። በዚህ ሳምንት ብዙ ሰው ራሱ የት እንደሚበዛበት ስለሚያይ ሳይነገረው ማስተካከል ይጀምራል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ ትርፍ ባትሪ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭልፋ። የስልክ መተግበሪያ ይቻላል፤ ችግሩ አበሻ ምግቦችን ማንኛውም ተጠቃሚ እንዳሻው ስለሚያስገባቸው፣ «አንድ እንጀራ» ብለው ሲፈልጉ እጥፍ የሚራራቁ ቁጥሮች ይመጣሉ። መተግበሪያ ከተጠቀሙ የቤትዎን እንጀራና ወጥ ራስዎ አስልተው ያስገቡ።

እንጀራውን በዱቄቱ ማስላት

የእንጀራ መጠን ከቤት ቤት ይለያያል። የምጣዱ ስፋት፣ የሊጡ መቅጠንና መወፈር፣ የጤፍና የገብስ ቅልቅሉ ሁሉ ይለውጠዋል። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተገኘ ቁጥር አይበጅም። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጋገር ዱቄቱን ይመዝኑና የወጣውን እንጀራ ይቁጠሩ። የጤፍ፣ የገብስም ሆነ የስንዴ ዱቄት 100 ግራም በግምት 360 ካሎሪ ነው። ውኃውና አብሲቱ አይቆጠርም፤ እርሾው ከቀድሞው ሊጥ የሚመጣ ጥቂት ስለሆነ ይለፉት።

3 ኪሎ ዱቄት ተቦክቶ 20 እንጀራ ወጣ እንበል። 10,800 ለ20 ሲካፈል አንዱ 540 ካሎሪ ነው። ሲመዘን 345 ግራም አካባቢ ይሆናል። ግማሹ 270፣ ሩቡ 135። በቃ፤ ዱቄቱና ጋጋሪዋ እስካልተለወጡ ድረስ ይህ ቁጥር ለወራት ያገለግላል። እንጀራ ከገበያ የሚገዛ ሰው ሦስቱን መዝኖ አማካዩን ይውሰድና ለ100 ግራም 155 ካሎሪ ይያዝ።

እንጀራ ሲያድር ውኃው ይተናል እንጂ ካሎሪው አይቀንስም። ስለዚህ ያደረን እንጀራ በግራም ከመዘኑ አሳንሰው ይጽፉታል፤ በግማሽና በሩብ ይቁጠሩት። ድርቆሽ ላይ ስህተቱ ትልቅ ነው። 100 ግራም ድርቆሽ ወደ 340 ካሎሪ አለው፣ ይህም ከአንድ ለጋ እንጀራ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። የድርቆሽ ፍርፍር በሳህን ላይ ሲታይ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ሁለት እንጀራ በልቶ አንድ የበላ ይመስለዋል።

ወጡን በድስቱ ማስላት

ባዶ ድስቱን መዝነው ክብደቱን ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ከዚያ የሚገባውን ሁሉ ከመክተትዎ በፊት ይመዝኑ። ለምሳሌ አንድ የምስር ወጥ፦ ደረቅ ምስር 500 ግራም 1,750፣ ሽንኩርት 500 ግራም 200፣ በርበሬ 40 ግራም 130፣ ዘይት 150 ሚሊ ሊትር 1,215። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው አይጻፍም። ድምሩ 3,295 ነው። ወጡ ሲያልቅ ድስቱን ከነወጡ መዝነው የባዶውን ይቀንሱ። 2,200 ግራም ወጥ ከሆነ በ100 ግራም 150 ካሎሪ ይመጣል። 120 ግራም የሚይዝ ጭልፋ 180 ነው።

አሁን ያንኑ ወጥ በ60 ሚሊ ሊትር ዘይት ይሥሩት። ድምሩ ወደ 2,566 ይወርዳል፣ ጭልፋው 145 ይሆናል። ምስሩ፣ ሽንኩርቱና በርበሬው አንድ ሆኖ ከድስቱ ከ700 ካሎሪ በላይ ወጣ። ማንም ቁራሽ አልቀነሰም። ቁሌቱን ለማይለቅ ሰውም የሚሆን ዘዴ አለ፤ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ ያብስሉት፣ ዘይቱን ሽንኩርቱ ከቀላ በኋላ ከበርበሬው በፊት ይጨምሩት። በርበሬ ስብ ካላገኘ ያርራል፣ ይመራል፤ ስለዚህ ዘይቱን ፈጽሞ ማስቀረት አይመከርም፣ ወጡም አይጣፍጥም፣ ቤተሰቡም አይቀበለውም። ለ500 ግራም ምስር ወይም ክክ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ዘይት ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ሲፈስ ማንም በዓይኑ አይገምተውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ የኑግም፣ የሱፍም፣ የወይራም ዘይት ቢሆን በዚህ አይለያዩም። ንጥር ቅቤም ያው ነው፣ የሸኖ ለጋም ቢሆን። ዘይቱን በማንኪያ መስፈር ካስቸገረ ጀሪካኑን ቀድመውና በኋላ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ የጎደለው ግራም በ9 ይባዛ።

ቤቱን በአንድ ጊዜ ለመመርመር የምንመክረው ሌላ ስሌት አለ። 5 ሊትር ዘይት ወደ 40,500 ካሎሪ ይይዛል። አምስት ሰው ባለበት ቤት በ30 ቀን ካለቀ፣ ለእያንዳንዱ በቀን 270 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል፣ ይህም የግማሽ እንጀራ ያህል ነው። ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ ይጻፉና ሲያልቅ ያስሉት። ደብተርዎ ላይ በቀን 100 የዘይት ካሎሪ ብቻ ተጽፎ ጀሪካኑ 270 ካለ፣ ልዩነቱ የት እንደጠፋ አወቁ።

በአፍ የሚገቡ ግን የማይጻፉ

የገብስ ቆሎ 100 ግራም 370 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ እፍኝ እንደ እጁ ከ35 እስከ 40 ግራም ይሆናል። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ የዘገነ ሰው 400 ካሎሪ በላ። ኦቾሎኒ ከተቀላቀለበት ይብሳል፤ ኦቾሎኒ ለብቻው በ100 ግራም 570 ነው። ደብረ ሲና ላይ በአውቶቡስ መስኮት የሚገዛው ቆሎ ደሴ ሳይደረስ የሚያልቅ ከሆነ እንደ አንድ ምሳ ይጻፍ። ቆሎ መጥፎ ምግብ አይደለም፣ ፋይበር አለው፣ ያጠግባል። የሚጎዳው ከትልቅ ሳህን ላይ መዝገን ነው። 25 ወይም 30 ግራም መዝነው በሲኒ ማስቀመጫ ያቅርቡና ያችን ብቻ ይብሉ።

በሶ 50 ግራም 180 ነው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ ጥሩ ቁርስ ነው፤ በቅቤ ወይም በዘይት የታሸ ጭብጦ ግን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 120 ይጨምራል። ገንፎም እንዲሁ ነው፤ 100 ግራም ዱቄት 360፣ መሐሉ ላይ የሚገባው ሁለት ማንኪያ ቅቤ 240። ማር አንድ የሾርባ ማንኪያ 64።

ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው፤ ቁልል ብሎ ሲዛቅ 6 ግራም ይደርሳል። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በትንሹ 190፣ ከተቆለለ ወደ 290 ካሎሪ በስኳር ብቻ ያስገባል። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ በዚህ ፍጥነት ይለምዳል፣ በአንድ ቀን ሲተው ግን ብዙው ሰው ይመለሳል።

መጠጥ ላይ ደግሞ አልኮሉ ራሱ ካሎሪ መሆኑ ይረሳል። የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 አካባቢ ነው። 45 ከመቶ አልኮል ያለው አረቄ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 250 ይይዛል፤ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 100። ብርድ ነው ተብሎ ሦስት መለኪያ ከተወሰደ ከግማሽ እንጀራ በለጠ። ጠላ እንደ ጠማቂዋ ይለያያል፤ ለግማሽ ሊትር ከ150 እስከ 200 ይጻፉ። ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 125 አካባቢ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ሆድ የሚሞሉና ካሎሪያቸው ትንሽ የሆኑ አሉ። የተቀቀለ ጎመን በ100 ግራም 30፣ የተቀቀለ ድንች 85፣ አይብ ከአሬራ የወጣ ስለሆነ ከ85 እስከ 100፤ አይብ በዚያው ላይ 15 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የአገር ዶሮ እንቁላል አንዱ 60፣ የፈረንጅ ዶሮ ከ70 እስከ 75። ቀይ ሥጋ ስቡ ከተነሳለት በጥሬው 100 ግራም 150፣ የመንዝ በግ ከነስቡ 250ና ከዚያ በላይ። ዳቦ በ100 ግራም 260።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥሬና የበሰለን አይቀላቅሉ። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 350፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለው 115 ነው። የበሰለውን በደረቁ ቁጥር የጻፈ ሰው በሦስት እጥፍ ይሳሳታል። ሁልጊዜ ከመብሰሉ በፊት ይመዝኑ፣ ድስቱን ያካፍሉ።

ከአንድ ገበታ ሲበላ

ለብቻ በሳህን መብላት ቀላል ነበር፤ እኛ ግን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ ይህንንም ማስቀረት አያስፈልግም። ከመቀመጥዎ በፊት ድርሻዎን ይወስኑ። ግማሽ እንጀራ ከሆነ ግማሹን ጠቅልለው በፊትዎ ያስቀምጡና ከእሱ ብቻ ይቁረሱ፤ ከትሪው ሥር የተነጠፈውን ይተዉት። ወጥ የፈሰሰበት የታችኛው እንጀራ ዘይቱን ሁሉ የጠጣ ስለሆነ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ወጥ በጭልፋ በፊትዎ ሲወጣ ይቁጠሩ፤ ጭማሪ ሲመጣም ይቁጠሩ። አንድ ጉርሻ እንደ ትልቅነቱ ከ40 እስከ 60 ካሎሪ ይጻፍ።

«በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ለሚሉ እናት ቁጥር መተንተን አይረዳም። ጉርሻቸውን በደስታ ተቀብሎ፣ ከራስ እንጀራ ላይ ያንኑ ያህል መተው ይሻላል። ለቤቱም ሰው አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል፤ በተለይ ወጥ የምትሠራው እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ዘይቱን በመለኪያ እንድታፈስ ካልተስማማች ቆጠራው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ጾም፣ ማኅበር፣ ፋሲካ

ጾም በራሱ አያከሳም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ተኩል እንጀራ ከሽሮ ፍትፍት ጋር ከበላ፣ ማታ ደግሞ ከደገመ፣ ከፍስኩ ቀን ሊበልጥ ይችላል። የጾም ወጥ ቅቤ የለውም ተብሎ ዘይቱ ስለሚጨመርበት ድስቱን እንደ አዲስ ያስሉት። የቀኑን መጠን ከግማሽ ጥቂት ከፍ አድርገው በ9 ሰዓት፣ የቀረውን ማታ ይብሉ፤ በመካከሉ ውኃ ይጠጡ።

በጾም የሚያሳስበው ፕሮቲን ነው። ክብደት እየቀነሱ ጡንቻ እንዳይሄድ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ፣ የጅሩ ባቄላና ምስር፣ የምንጃር ሽምብራ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ባቄላ ንፍሮ 100 ግራም 110 ካሎሪና ወደ 7.5 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ቆሎውን በንፍሮ መተካት ብቻ ለውጥ ያመጣል። ስልጆና አዚፋም ዘይታቸው ከተጠበቀ ጥሩ ናቸው።

ማኅበር፣ ዝክር ወይም ሠርግ ያለበት ሳምንት በሳምንት ድምር ይታሰብ። 1,580 በ7 ሲባዛ 11,060 ነው። እሑድ ለማኅበሩ 2,300 ከተያዘ ለስድስቱ ቀን 1,460 ይደርሳል። ከበዓል በኋላ ያለውን ቀን ግን በረኃብ ለማካካስ አይሞክሩ፤ ማታ ላይ ከእጥፍ በላይ ያስበላል። ለፋሲካ ሳምንት ባሉበት መቆም ብቻ ግብ ይሁን።

የአንድ ቀን ምሳሌ፣ ለ1,580

ጠዋት ሁለት የአገር እንቁላል 120፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40፣ ዳቦ 60 ግራም 155፣ ሻይ በአንድ ማንኪያ ስኳር 16። ምሳ ግማሽ እንጀራ 270፣ አንድ ተኩል ጭልፋ በቀላል ዘይት የተሠራ ምስር 218፣ ጎመን 80። ከሰዓት የገብስ ቆሎ 25 ግራም 90፣ ሻይ 16። እራት ግማሽ እንጀራ 270፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ 150፣ አይብ 100 ግራም 90፣ አንድ ብርቱካን 70። ድምሩ 1,585። ፕሮቲኑ 65 ግራም አካባቢ ነው፣ ለ78 ኪሎ ሴት ያንሳል፤ የጠዋቱን ዳቦ በ150 ግራም አይብ ብትለውጠው ካሎሪው ሳይጨምር ከ80 ያልፋል። ሙሉ እንጀራ በቀን ውስጥ አለ።

ሚዛን ላይ መውጣት

ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በቀላል ልብስ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይመዘኑና አማካዩን ይያዙ፤ የሚወዳደረው የሳምንት አማካይ ከሳምንት አማካይ ጋር ነው። መንገድ ዳር ባለ ሚዛን ላይ ከጃኬትና ከጫማ ጋር ከተመዘኑ ሁለት ኪሎ በቀላሉ ይሳሳታል። የቤት ሚዛን ከሌለ አንድ ፋርማሲ ይምረጡ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ልብስ። በየሁለት ሳምንቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብዎን በእምብርት ልክ ይለኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሰውነት የሚያስቀምጠው ስታርች እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚወጣ ነው። በተቃራኒው ጨው የበዛበት ወጥ ከተበላ በኋላ በነጋታው አንድ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ ስብ አይደለም። ሴቶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ውኃ ስለሚይዙ ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ።

ሲቆም

አማካዩ ለሦስት ሙሉ ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ከእንጀራው አይቁረጡ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጠበቅ አድርገው ይመዝኑ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ዘይቱ ተመልሶ በዓይን መፍሰስ ጀምሯል፣ ቆሎና ቅምሻ አልተጻፈም፣ ቅዳሜና እሑድ ደብተሩ ባዶ ነው፣ ወይም አዲስ እንጀራ ጋጋሪ መጥታ እንጀራው ወፍሯል። ሁሉም ደህና ከሆነ ስሌቱን በአዲሱ ክብደት ይድገሙት። በየ4 ወይም 5 ኪሎው መደገም አለበት፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል። ከዚያ ከ100 እስከ 150 ብቻ ይቀንሱ።

መራመድ ይጨምሩ፣ ነገር ግን ለመራመድዎ ብለው ምግብ አይጨምሩበት። 78 ኪሎ ሰው ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ሲራመድ ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ከዚያ መልስ አንድ ቢራና አንድ እፍኝ ቆሎ ያንን ሁሉ ይመልሳል። በውሎው ብዜት ውስጥ መራመዱ አስቀድሞ ስለገባ ሁለት ጊዜ መቁጠርም ይሆናል።

ከተጀመረ ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ሁሉን መመዘን አያስፈልግም። የቤቱ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ምግብ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ዓይንም ይለምዳል። የዘይቱ መለኪያና የጠዋቱ ሚዛን ግን ይቆዩ። ግብዎ ላይ ሲደርሱ በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው አይመለሱ፤ በየሳምንቱ በቀን 100 ካሎሪ እየጨመሩ ክብደቱ የሚቆምበትን መጠን ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን መመዘን ይበቃል። ከግቡ 2 ኪሎ ካለፈ ደብተሩን ለሁለት ሳምንት መልሰው ይክፈቱ፣ መጀመሪያም የዘይቱን ጀሪካን ቀን ይዩ።